«ምንም የለብሽም» ተብዬ ስመለስ ይሄ አምስተኛዬ ነው

*የደረሰን ደብዳቤ፦*

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስሜን እንዳይጠቅሱብኝ አደራ። 31 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የዛሬ ስምንት ወር ገደማ ጠዋት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ጉም ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ልቤ ድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ። እጄና ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ። የምሞት መሰለኝ። ረዳቱን ‹አውርደኝ!› ብዬ ጮኽኩ፤ አወረደኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ስቆይ ተወኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ። አንዱ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ አዘዘ። ልቤን በማሽን አዩት፣ ደህና ነው አሉ። መጨረሻ ላይ ‹ምንም የለብሽም፣ አታስቢ› ብለው ሸኙኝ። አሁን ሎሚ ቦርሳዬ ውስጥ ሳይኖር ከቤት አልወጣም። ጋቢና ካላገኘሁ መኪናውን አሳልፈዋለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መቅረት ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ‹ሰበብ አበዛሽ› ይለኛል። እናቴ ጠበል ልውሰድሽ ትላለች፤ አማቴ ደግሞ ዱአ ላስደርግ ትላለች። ጎረቤቴ ዳያዜፓም ሰጥታኝ ሁለት ጊዜ ውጬ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ልጄን አዝዬ ይሄንኑ ሐረጎን በእግሬ ወርጃለሁ፤ ያኔ እንኳን እንዲህ አልሆንኩም። የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ላብድ ይሆን?»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነውና። አታብጂም። «ላብድ ነው» የሚለው ፍርሃት ራሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው፤ እንደ ላቡ፣ እንደ መደንዘዙ። ይሄ ሕመም ኖሮበት አንድ ሌሊት እንኳ እንደዚያ ያላሰበ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። የጻፍሽው ግን ፓኒክ የሚባለውን ቁርጥ ነው። ፓኒክ ድንገት የሚነሳ፣ ደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ፣ ከዚያ የሚበርድ ከባድ የፍርሃት ማዕበል ነው። አንዴ መጥቶ ቢሄድ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሕመምም አይባልም። ደጋግሞ ሲመጣና ሰውየው «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» እያለ ኑሮውን ማጠፍ ሲጀምር ነው የፓኒክ ሕመም የሚባለው። ከጭንቀት ሕመሞች አንዱ ነው። አንቺ ጋቢና የምትጠብቂው፣ ከሥራ የምትቀሪው እሱ ነው።

«ምንም የለብሽም» ያሉሽ ሰዎች ግማሹን እውነት ነግረውሻል። ልብሽ ደህና ነው። ልብሽ ደህና ነው ማለት ግን አንቺ ደህና ነሽ ማለት አይደለም። «አታስቢ» የሚለውንማ ተይው። አለማሰብ በትእዛዝ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ።

ለነገሩ ሐኪሞቹንም ሙሉ በሙሉ መውቀስ ይከብደኛል። እኛ አገር «ጭንቀት አለብኝ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ስንት አለ? ልቤ ይመታል፣ ውስጤ ይቃጠላል፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል ብሎ ነው የሚመጣው። ጨጓራ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚጣልበት ቅርጫት ሆኗል። ወረፋው ረዥም ነው። ሐኪሙ ለአንድ ሰው ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ስለ ሐረጎና ስለ ሎሚው ማን ይጠይቅሻል? አንቺም አልነገርሻቸውም መሰለኝ።

አሁን ሰውነትሽ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ይሄን ማወቅ ራሱ የሕክምናው ግማሽ ነው።

የግቢ ውሻ አስቢ። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። እንግዳ ሲመጣም ይጮኻል። አንዳንዴ ንፋስ ፌስታል ሲያንከባልል አይቶ አገር ምድሩን ያቀልጠዋል። ጩኸቱ የውሸት አይደለም፤ የውሸቱ ሌባው ነው። አንጎላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባቂ አለ። አደጋ አየሁ ብሎ ሲጮህ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ወደ ጡንቻ ደም ለማድረስ ይፈጥናል። ትንፋሽ ይፈጥናል። ላብ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ሆድ ሥራውን ያቆማል፤ ያ «ጨጓራዬ ተነሳ» የምንለው መገለባበጥ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ይሄን «ተዋጋ ወይ ሽሽ» የሚባለውን ዝግጅት ጽፎ ያስረዳው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ማታ ጅብ ቢመጣብሽ ይሄ ሁሉ ያድንሻል። ጋቢና ውስጥ ቀበቶ አስረሽ ስትቀመጪ ግን የምትሮጪበት ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ልብሽ ሲመታ አንቺ «ይሄማ የልብ ድካም ነው» አልሽ። ያ ሐሳብ ራሱ ሌላ አደጋ ሆነ። ጠባቂው ደግሞ ጮኸ። ተጨማሪ አድሬናሊን፣ ተጨማሪ ድለቃ፣ ተጨማሪ «አለቀልኝ»። ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይሄንን አዙሪት ነው፦ የሚያስደነግጠን የልብ ምቱ ሳይሆን ለልብ ምቱ የምንሰጠው ትርጉም ነው። ጦሳ ተራራን ስትወጪም እኮ ልብሽ ይደልቃል። ያኔ ቁና ቁና እየተነፈስሽ ትስቂያለሽ እንጂ «ሞትኩ» አትዪም።

የእጅና የከንፈር መደንዘዙስ? እሱ ከትንፋሽሽ ነው። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከልክ በላይ ይወጣል። ያኔ ጣት ይነዝራል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ «አየር አጠረኝ» ያሰኛል። የሚገርመው አየር አላጠረሽም፤ በዝቶብሻል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት «እጄ ሽባ ሊሆን ነው» እያለ ክፍሌ መጣ። ብዙ ባወራው አልሰማ አለኝ። «ና እስቲ» አልኩት፤ ወንበራችን ላይ ሆነን ሁለታችንም አንድ ደቂቃ ያህል እንደ ሮጠ ውሻ ተነፈስን። ጣቱን አየ። «ያው መጣ!» አለ። የእኔንም ጣት አሳየሁት፤ እየነዘረኝ ነበር። ዝም ብሎ አየኝና ሳቀ። እስከዚያች ቀን ድረስ በሦስት ወር ውስጥ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ራስሽን ስተሽ እንዳትወድቂም ፈርተሽ ይሆናል። በፓኒክ ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ራስን መሳት ደግሞ የሚመጣው ግፊት ሲወርድ ነው። ስለዚህ «ልወድቅ ነው» ያሰኛል፣ መውደቁ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

«ለምን እኔን?» የሚለውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳትጠይቂው አትቀሪም። እንደ ቦርከና ነው። ከየሸንተረሩ ትንሽ ትንሽ ውኃ እየገባ ነው ወንዝ የሚሆነው፤ አንዱን ምንጭ ብቻ ለይተሽ «ይሄ ነው» አትዪውም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ እናትሽ ወይ አክስትሽ «ልበ ቡቡ» ከነበሩ አይገርመኝም። ከልጅነት የሚመጣም አለ። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። እንቅልፍ ማጣት፣ የኑሮ ውድነት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ልጅ አዘጋጅቶ መኪና መሮጥ፣ ሁሉም የየድርሻውን ያዋጣል።

ቡናሽንም አልነገርሽኝም። የደሴ ሴት ስለሆንሽ ግን እገምታለሁ። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሥራ ላይ አንድ ስኒ። ማታ ጎረቤት ሲጠራ ደግሞ ሦስቱን። ካፌይን ልብ ያፈጥናል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይሰርቃል፤ ፓኒክ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ማዕበሉን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ቡና አቁሚ ብልሽ ደብዳቤዬን ቀደሽ እንደምትጥዪው አውቃለሁ። እኔም ብሆን እጥለዋለሁ። አንድ ዘዴ ልስጥሽ፦ ማታ ስትጠሪ ለአቦሉ አትቸኩዪ፣ ለበረካው ድረሺ። ቀጭን ነው፣ ጨዋታውም የሚደምቀው ያኔ ነው፣ የሚቀየምሽም የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። ካቆምሽም ቀስ በቀስ ይሁን፤ ድንገት የተወ ሰው ራሱን ያመዋል። ጫትማ እለፊው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው፤ የደነገጠ ጠባቂ ውሻ ላይ ድንጋይ መወርወር በይው።

አሁን ጣል አድርገሽ ወዳለፍሻት መስመር ልመለስ። «ልጄን አዝዬ ሐረጎን በእግሬ ወርጃለሁ፤ ያኔ እንኳን እንዲህ አልሆንኩም» ብለሻል።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደሴን ለቆ በዚያ መንገድ የወረደውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። አንቺ ያኔ ያልደነገጥሽው ጠንካራ ስለነበርሽ ብቻ አይደለም። ፍርሃትሽ ሥራ ነበረው። ልጅ ማዘል፣ ውኃ መፈለግ፣ እግር ማንሳት ነበረበት። የሚሠራ ፍርሃት አያንቀጠቅጥም። ሒሳቡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሰላም ሲሆን፣ ወንበር ላይ ስትቀመጪ፣ መስኮቱ በጉም ሲሸፈን። እዚያው መታጠፊያ ላይ ሰውነትሽ አንቺ የረሳሽውን ቢያስታውስ ምን ይደንቃል? የጀመረሽ ሌላ ቦታ ሳይሆን ሐረጎ ላይ መሆኑ በከንቱ አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። ያ ጊዜ በሕልምሽ ይመጣል? ሳትፈልጊው ዓይንሽ ላይ ድቅን ይላል? ድንገተኛ ድምፅ ያስበረግግሻል? ስለዚያ ወሬ ሲነሳ ከቤት ትወጫለሽ? መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ ከፓኒኩ ጋር ወይም ከሱ ሥር ሌላ ጉዳት ሊኖር ይችላል። ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ነው፤ የራሱ ሕክምናም አለው። ለባለሙያው ይሄን መንገርሽን እንዳትረሺ። ሐኪም ካልጠየቀ ሰው አይናገርም፤ ሰው ካልተናገረ ሐኪም አያውቅም። አምስቱ ጉዞሽ ያለቀው በዚህ ነው።

ሌሎቹን የጭንቀት ሕመሞች ባጭሩ ላንሳቸው፤ ይሄን የምታነብ ሌላ እህት ልትኖር ትችላለች። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ስለ ሁሉም ነገር ሲያስብ የሚውልና የሚያድር አለ። ስለ ልጁ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስልክ ስላላነሳው ዘመዱ። ትከሻው የተገተረ፣ እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ሰው ፊት መቅረብ የሚያርደውም አለ። እንግዳ ፊት ቡና ሲያቀርብ ስኒው የሚንቀጫቀጭበት ልጅ አውቃለሁ፤ ሠርግ ሲጠሩት የሚያመው ሁልጊዜ የዚያን ዕለት ነው። ከፍታ፣ ውሻ፣ መርፌ ብቻ ለይቶ የሚፈራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 301 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯል። ሕክምና የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ያህል ነው።

ከሕክምናው በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። እንቅርት እኛ ደጋ ላይ እንግዳ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከፓኒክ ጋር ያሳስታል። ብትበዪም ከከሳሽ፣ ሙቀት አልችል ካለሽ፣ አንገትሽ ካበጠ አሳዪው። የደም ማነስም እንዲሁ ነው። የአስም መንፊያ የምትጠቀሚ ከሆነም ተናገሪ። ደረትሽን የሚጨብጥሽ ዳገት ስትወጪ ብቻ ከሆነና ስታርፊ የሚተውሽ ከሆነ፣ ወይም እውነት ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ለልብ እንደገና ታዪ። ይሄ ከተጣራ ግን በቃ። ስድስተኛ ኢሲጂ (ያን የልብ ማሽን)፣ ሰባተኛ የታይፎይድ ምርመራ አትነሺ። ሲመረምሩሽ ለሦስት ቀን ያረጋጋሻል፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ «ተሳስተው ቢሆንስ» ትያለሽ።

አሁን ወደ ሎሚው።

ሎሚው ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው። ስንቷን ሴት ከነሎሚዋ አይቻለሁ። አንዷ ሲደርቅባት ልጣጩን በመሐረብ ቋጥራ ይዛ ትዞር ነበር። ጉዳዩ ምን መሰለሽ? በደህና በደረስሽ ቁጥር አንጎልሽ ምስጋናውን ለሎሚው ይሰጣል። ለጋቢናው ይሰጣል። ያኔ የመጀመሪያ ቀን ረዳቱ ሲያወርድሽ፣ «ስለወረድኩ ዳንኩ» ብሎ መዘገበ። ባትወርጂም እኮ ይተውሽ ነበር! ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። አንቺ ግን ያን አይተሽ አታውቂም፤ ሁሌ ከጫፉ በፊት ትሸሻለሽ። ሕመሙን ስምንት ወር ሙሉ የቀለበው ይሄ ሽሽት ነው። መጀመሪያ ጋቢና ካልሆነ፣ ቀጥሎ ጉም ካለ አልሄድም፣ ቀጥሎ ሰኞና ዓርብ እቀራለሁ። ነገ ደግሞ ፒያሳ መውረድ ይከብድሻል።

ለዚህ የሚደረገው የንግግር ሕክምና ዝም ብሎ መጽናኛ አይደለም። ሥራ አለው። የፈራሽውን ነገር በትንሽ በትንሹ ሆን ብለሽ ትጋፈጪዋለሽ፤ አንጎልሽ «ለካ ሌባ የለም» እስኪል። ፓኒክ ላይ ጥሩ ውጤት እንዳለው በብዙ ጥናት የታየ ነው። ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል፣ ግን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቤትሽ ውስጥ ስሜቱን ራስሽ ታመጪዋለሽ። እኔና ያ ልጅ እንዳደረግነው አንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ሌላ ቀን ቆመሽ መሽከርከር። ሌላ ቀን ደረጃ በሩጫ መውጣት። (አስም፣ የሚጥል ሕመም ወይ የልብ ችግር ካለብሽ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ይሄን ሐኪም ሳታማክሪ አታድርጊው።) ልብሽ ሲደልቅ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ። ምንም አታደርጊም። ሲበርድ ታዪዋለሽ።

ቀጥሎ መናኸሪያ ትሄጃለሽ። የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ትገቢና እስኪሞላ ትቀመጫለሽ፤ ከዚያ ትወርጃለሽ። ረዳቱ እንዳይሰድብሽ ቀድመሽ ሒሳቡን ክፈይው። እሱ ሲደጋገም አሰልቺ ይሆናል፤ መሰልቸትሽ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ እስከሚጀምርበት ድረስ ከእህትሽ ጋር ደርሶ መመለስ። ከዚያ ብሩህ ቀን መርጠሽ ከባለቤትሽ ጋር ኮምቦልቻ መድረስ። ከዚያ ብቻሽን። ከዚያ ከኋላ ወንበር፣ በመስኮት በኩል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ሳምንታት ቢፈጅ አትፈሪ። ጉም ያለበትን ጠዋት ለመጨረሻ አቆዪው።

ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ሳይወርድ ከመኪናው አትውረጂ። ከፍ ይላል፣ «በቃኝ» ያሰኝሻል፣ ከዚያ ራሱ ይደክመዋል። ያኔ በቀስታ መተንፈስ ይረዳሻል፤ በተለይ ስታስወጪ ረዘም አድርጊው። ግን ትንፋሹንም ሌላ ሎሚ እንዳታደርጊብኝ። «በደንብ ካልተነፈስኩ እሞታለሁ» ካልሽ ያው ተመለስን ማለት ነው።

መድኃኒትም አለ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። ስለ እነሱ ሦስት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ እንደ ፓራሲታሞል ወዲያው አይሠሩም፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እንዲያውም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጭንቀቱን ትንሽ ሊያብሱት ይችላሉ፤ ስለዚህ ነው በትንሽ መጠን የሚጀመረው። ብዙ ሰው «አባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ሱስ አያስይዙም፤ ግን በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው የሚቆሙት። ሦስተኛ፣ ሲሻልሽ ያን ቀን አይቆሙም። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜ እስከ ዓመት ይቀጥላሉ። እርግዝና ካሰብሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የጎረቤትሽን ዳያዜፓም መልሺላት። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እሷም ያዳናትን ነው የሰጠችሽ። መድኃኒቱ ቶሎ ያረጋጋል፣ እውነት ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ ያለሱ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆመው ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ድረስ ሊያመጣ ይችላል። አንቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ስለወሰድሽ ምንም አትሆኚም። ጎረቤትሽ ግን በየቀኑ የምትወስደው ከሆነ፣ ይሄን አንብባ ዛሬውኑ እንዳታቆመው፤ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ማታ ማታ በአረቄ ራሳቸውን የሚያረጋጉ ወንድሞችም አሉን፤ ጠዋት ላይ ጭንቀቱ ከነወለዱ ይመለስባቸዋል።

የት ልሂድ ትያለሽ። ደሴ ሪፈራል ይባል የነበረው፣ አሁን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ የሚባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ ድረስ፣ አማኑኤል ድረስ መሄድ የለብሽም። ስትገቢ ከጨጓራው አትጀምሪ። «ሚኒባስ ውስጥ ድንገት ፍርሃት ይይዘኛል፣ ስምንት ወር ሆነኝ፣ ከሥራ እየቀረሁ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ሆኛለሁ» በዪ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤ ለእኔ እንደጻፍሽው። ያ ክፍል በር ላይ የሚያውቅሽ ሰው ቢያይሽስ? ያይሽ ይሆናል። እሱም እዚያ የሄደበት ጉዳይ ይኖረዋል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ለቅርብ ሰውሽ ነግረሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለባለቤትሽ ይሄን አስነብቢው። ወንድሜ፣ ሰበብ አይደለም። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ላብ አያጠምቀውም። ካንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አትቆጣት፣ ግን በሷ ፈንታም አትሽሽላት። «ዛሬ ቅሪ፣ እኔ እደውልላቸዋለሁ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ሕመሙን ነው የምትቀልበው። አብረሃት ሐረጎን ውረድ። መንገድ ላይ «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» እያልክ አታድርቃት፤ ስለ ሌላ ነገር አውራት።

እናትሽና አማትሽ ላይ ምንም የምለው የለኝም። አንዷ በጠበል፣ አንዷ በዱአ ልጃቸውን ሊያተርፉ ነው የሚሯሯጡት፤ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱንም ማግኘት ያለ ነው። ሁለቱም ይሁንልሽ። ብቻሽን እንዳልሆንሽ ማወቅ፣ ተሰብስቦ የሚጸልይልሽ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማስጠነቅቅሽ አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒት ከተጀመረልሽ በኋላ «እሱን ተዪውና እምነትሽን አጥብቂ» የሚል ካለ፣ አትስሚው። ክኒኑንም ጠበሉንም በአንድ ጠዋት መውሰድ ይቻላል። ጾም ላይ ከሆንሽ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክዪ እንጂ አትዝለዪ። አማትሽ ዱአውን ስታስደርግ ደግሞ ያልኩሽን አትርሺ፤ ለበረካው።

የሥራ መልቀቂያ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ እንደምትዞሪ ነግረሽኛል። ከሎሚው ጋር ማለት ነው። መጀመሪያ ደብዳቤውን አውጪው። ሎሚውን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።